የብርዱ ድንበር ወደ ላይ ሲወጣ፦ ውርጭ፣ ቡናና የደጋው መሬት

የኢትዮጵያ አርሶ አደር መሬቱን በሜትር ሳይለካ በብርዱና በሙቀቱ ከፋፍሎ ስም አውጥቶለታል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ከዚያም በላይ ውርጭ። የግብርና ባለሙያዎች ኋላ መጥተው በስሞቹ ላይ ቁጥር ጨመሩ፤ ወይና ደጋን በግምት ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር፣ ደጋን እስከ 3,200 ሜትር፣ ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ ውርጭ ብለው በመጻሕፍት አሰፈሩ። በመሠረቱ ግን ክፍፍሉ የሰብል ክፍፍል ነው። የተሰየመው ማሽላ የሚያበቃበት፣ ቡና የሚቆምበት፣ ገብስ ብቻውን የሚቀርበት ቦታ ነው። ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው ይህ ድንበር ግን ባለፉት ሃምሳና ስልሳ ዓመታት ከቦታው እየተንቀሳቀሰ መጥቷል።

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ከውጭ ቋንቋ የሚተረጎሙ ጽሑፎች አንዳንድ ጊዜ «ክረምቱ እየሞቀ ነው» ይላሉ። አባባሉ የኢትዮጵያን አንባቢ ያሳስታል። በኢትዮጵያ ክረምት የዝናብ ወቅት ሲሆን ሰብል የሚያቃጥለው ብርድ የሚመጣው በበጋው፣ በተለይም በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። በእነዚህ ወራት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩም ደረቅ ስለሚሆን መሬት ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት የሚያስቀርለት ደመና የለም። የቀዘቀዘው አየር ከባድ ነውና እንደ ውኃ ቁልቁል ወርዶ በረባዳው ቦታ ይተኛል። በሜዳው ያለ ባቄላ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ሲያድር በተዳፋቱ ያለው የሚተርፈው ለዚህ ነው። ይህን የደጋ አርሶ አደር ከማንም በፊት ያውቀዋል።

አንድ ተክል የት ሊበቅል እንደሚችል ብዙ ጊዜ የሚወስነው የቀኑ ሙቀት ሳይሆን ይኸው የሌሊት ብርድ ነው። ለአብነት ያህል የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር አገሩን በተክል ቀጣና የሚከፍለው በየዓመቱ እጅግ የቀዘቀዘችውን ሌሊት እየለካ አማካዩን በማውጣት ነው። ሚኒስቴሩ የመጀመሪያውን ካርታ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን በ1990፣ በ2012 እና በ2023 አሻሽሎታል። የመጨረሻው ካርታ ከ2012ቱ ጋር ሲነጻጸር በአማካይ 1.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሞቆ ተገኝቷል፤ የአገሪቱ ግማሽ ገደማም ወደሚቀጥለው ሞቃት ግማሽ ቀጣና ተዛውሯል።

ኢትዮጵያን በተመለከተ የብሔራዊ ሜትዎሮሎጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረበው ሰነድ፣ ባለፉት 55 ዓመታት የአገሪቱ ዝቅተኛ የሙቀት መጠን በየአሥር ዓመቱ በ0.37 ዲግሪ ገደማ ሲጨምር መቆየቱን አስታውቋል። ዝቅተኛ የሙቀት መጠን ማለት በአብዛኛው የሌሊትና የንጋት ብርድ ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ወደ ተራራ በወጡ ቁጥር በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀዘቅዝ ከታሰበ፣ በ55 ዓመት ውስጥ የተጨመረው 2 ዲግሪ የብርዱን መስመር ከ300 ሜትር በላይ ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህ በእርግጥ የወረቀት ስሌት ነው፤ ተራራና ረባዳ፣ ደንና ገላጣ መሬት አንድ ዓይነት አይሞቁም። ያም ሆኖ 300 ሜትር ማለት በብዙ ወረዳዎች ከአንድ ቀበሌ ወደ ላይኛው ቀበሌ መሻገር ማለት ነው።

ነገሩ ለኅብረት ሥራ አባላት በይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በቡና ላይ ነው። የአረቢካ ቡና መገኛው የኢትዮጵያ ደን ሲሆን ከፍተኛ ሙቀትንም ውርጭንም አይወድም። ውርጭ በቡና ላይ ምን እንደሚያደርግ ዓለም በሚገባ ያየው በብራዚል ነበር። ሐምሌ 1967 ዓ.ም.፣ በዚያ አገር የብርድ ወቅት በሆነው ወር አጋማሽ፣ ፓራና በተባለው ክፍለ ግዛት የወረደው ውርጭ የቡና እርሻውን አደረቀው። በቀጣዩ ዓመት ከፓራና የተሰበሰበው ቡና እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የዓለም ገበያ ዋጋ እያደገ ሄዶ በ1969 ዓ.ም. ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። የፓራና ገበሬዎች ብዙዎቹ ወደ አኩሪ አተርና ስንዴ ሲዞሩ የብራዚል ቡና ማዕከል ወደ ሰሜን፣ ወደ ሚናስ ዤራይስ ተሻገረ። ጥቂት የብርድ ሌሊቶች የአንድን ትልቅ አገር የቡና ካርታ ለመቀየር ትልቅ ምክንያት ሆኑ።

በኢትዮጵያ የሚታየው ጉዞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ብርዱ ሲሸሽ ቡናው ይከተለዋል። ቀድሞ ለቡና ይበርዳል ተብሎ ለገብስ፣ ለእንሰትና ለግጦሽ የተተወው ከፍታ ዛሬ በየቦታው የቡና ችግኝ እየተተከለበት ነው። ገበያውም ይህን ይደግፋል። በከፍታ ላይ ያለ ቡና ፍሬው ቀስ ብሎ ስለሚበስል ጠንካራና ጣዕሙ የተመሰገነ ይሆናል፤ ገዢዎችም ከፍታውን ጠይቀው ዋጋ ይጨምራሉ።

በታችኛው ወገን ግን ሌላ ታሪክ አለ። ብርድ ለቡና ጠላት ብቻ ሳይሆን ጠባቂም ነበር። የቡና ፍሬ የሚቦረቡረው ትንሽ ጥንዚዛ ለመራባት ከ15 ዲግሪ የማያንስ ሙቀት ይፈልጋል። ጁሊያና ሐራሚዮና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት የጅማን የአየር መዝገብ መርምረው፣ እስከ 1984 ድረስ አካባቢው ለጥንዚዛው እጅግ ቀዝቃዛ በመሆኑ በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ ማፍራት እንደማይችል፣ ከዚያ ወዲህ ግን አንድና ሁለት ትውልድ ማፍራት እንደሚችል አሳይተዋል። አርሶ አደሩ ሳያስበው ሲጠቀምበት የነበረ ነፃ የተባይ መከላከያ ጠፋ ማለት ነው።

የኪው የዕፅዋት ተቋም ተመራማሪዎች ከነ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ዶክተር ታደሰ ወልደማርያም ጋር በመሆን በ2009 ዓ.ም. ያወጡት ጥናት የሁለቱንም ወገን ስሌት አስቀምጧል። ምንም እርምጃ ካልተወሰደ በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ቡናው ወደ ከፍታው ቢዛወርና ደን ቢጠበቅ ለቡና የሚስማማው መሬት ቢያንስ በአራት እጥፍ ሊሰፋ ይችላል። ሁለተኛው አኃዝ በየስብሰባው ሲጠቀስ ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ መሬቱ ባዶ አይደለም። ገብሱና እንሰቱ የሰው ምግብ ነው፤ ደኑ የምንጩ እናት ነው፤ ግጦሹም የከብት ነው። ደኑን መንጥሮ ቡና መትከል ቡናው የሚፈልገውን ጥላና እርጥበት ራሱን ማጥፋት ይሆናል።

የኅብረት ሥራው አደረጃጀትም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ከዚያም በ985/2009 መሠረት የተደራጁት መሠረታዊ ማኅበራት አባሎቻቸውን በአብዛኛው የሚይዙት በቀበሌና በአካባቢ ነው። የእሸት ቡና መፈልፈያው የተተከለው ወንዝ ባለበት ታችኛው ቦታ ነው፤ እሸቱ ደግሞ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወድቃል። ቡናው ሽቅብ ሲሄድ መፈልፈያው ከታች ይቀራል። ላይኛው ቀበሌ ያለው የእህል ማኅበር ቡና አምራች ሲሆን የታችኛው ማኅበር አባል ከነብድሩና ከነመሣሪያው ምን ይዞ እንደሚቀር በየዩኒየኑ ጠቅላላ ጉባኤ ሊነሳ የሚገባ ጉዳይ ነው። ቡና ለፍሬ ሦስትና አራት ዓመት የሚፈልግ፣ ከደረሰም በኋላ ለአሥርተ ዓመታት የሚቆም ተክል ስለሆነ ውሳኔው ለአንድ የምርት ዘመን የሚሰጥ አይደለም።

ብርዱ ሲቀንስ የሚጎዳ የደጋ ተክልም አለ። በጋሞ ደጋ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ጨንቻ፣ ሚሲዮናውያን በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያስገቡት አፕል የብዙ ቤተሰብ ገቢ ሆኗል። አፕል ግን ዕንቡጡ ነቅቶ በአንድነት እንዲያብብ አስቀድሞ ለመቶዎች ሰዓታት ብርድ ማግኘት አለበት። «አና» የተባለችው በእስራኤል የተዳቀለች ዝርያ በጥቂት ብርድ ስለምትረካ ለሞቃት አገር ትመረጣለች፤ ብዙ ብርድ የሚፈልጉት ዝርያዎች ግን ሌሊቱ በሞቀ ቁጥር አበባቸው ይበታተናል፣ ፍሬያቸውም ይሳሳል። ጎረቤታሞች የሆኑ ቡና ተካይና አፕል ተካይ ለአንድ ሌሊት የሚጸልዩት የተለያየ ጸሎት ነው።

ወደ ከፍታው የሚወጣው ቡና ተካይም ቢሆን ውርጭን ጨርሶ አልተሰናበተውም። የሚሞቀው አማካዩ ነው። ሐምሌ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ብራዚል ውስጥ፣ ከፓራና የሸሸው ቡና በሰፈረበት በሚናስ ዤራይስ፣ ከባድ ውርጭ ወርዶ ሰፊ የቡና እርሻ አቃጥሏል። በኢትዮጵያም በላይኛው ጠርዝ የሚተከል ችግኝ ከረባዳው ቦታ ርቆ በተዳፋቱ ላይ ሊተከል፣ የጥላ ዛፍ ሊቀድመው፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታትም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች በሣር ሊሸፈን ይገባል።