ብሪክ ጌም

የእጅ ጌም ታሪክ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው የጃፓኑ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ጌም ቦይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከቦሌ እስከ ገርጂና መገናኛ ለነበረው ልጅ ግን ዋናው ዕቃ ብሪክ ጌም የሚባለው የቻይና የእጅ ጌም ነበር ማለት ያስኬዳል። ጌም ቦይ አራት ባትሪ ድንጋይ ይፈልጋል፤ ጨዋታ ለመቀየርም ሌላ ካሴት መግዛት ግድ ነው። ይህኛው በሁለት ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ ጨዋታዎቹም አብረውት ይመጣሉ፤ ቴሌቪዥን ስለማይፈልግም መብራት ቢጠፋ አይገደውም፣ ሪሞት የያዘ ታላቅ ወንድም መለማመጥም የለም።

ኮፒ ነው የሚል አይጠፋም። የሚወርዱት ጡቦች በእርግጥ አሌክሲ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ላይ የፈጠረው ቴትሪስ ናቸው። ነገር ግን ስክሪኑን ጠጋ ብለው ይዩት፦ ወደ ጎን 10፣ ወደ ታች 20 ካሬ ብቻ ነው። ጡቡም፣ እባቡም፣ የመኪና ውድድሩም፣ ታንኩም የሚሠሩት ከእነዚሁ 200 ካሬዎች ነው። ይህን ሁሉ በዚህ ጥበት ማጨቅ ራሱን የቻለ ብልሃት ነው። (ሳጥኑ ላይ የሚታተመውን «9999 ጨዋታ» ግን ማመን አያስፈልግም፤ አብዛኛው ያው ጨዋታ ፍጥነቱና ደረጃው እየተቀየረ የተቆጠረ ነው።) እባቡን ኖኪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ስልክ ላይ ጫነው፤ ሞባይል አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ብሪክ ጌምን ቀስ በቀስ ከኪስ ያስወጣው ለመደወል የተገዛ ስልክ ነው።