ጥሪን ማዛወርና አንድን ቁጥር በብዙ መሣሪያ መገልገል

ጥሪን ማዛወር፣ በነጋዴው አንደበት «ዳይቨርት ማድረግ»፣ ወደ አንድ ቁጥር የመጣውን ጥሪ የስልኩ መረብ ራሱ ተቀብሎ ባለቤቱ ወደ ወሰነው ሌላ ቁጥር የሚመራበት ሥርዓት ነው። በመርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣው ጭነት ሲራገፍ ቆሞ ሊያስቆጥር የሚወጣ ባለሱቅ፣ ደንበኛ እንዳያመልጠው ሲሻ፣ አስቀድሞ በሱቁ ቀፎ *21* ብሎ የኪስ ስልኩን ቁጥር ካስከተለ በኋላ # ጨምሮ ይደውላል፤ ለመሻር ##21# ይበቃዋል። ያልተነሣውን ጥሪ ብቻ ለማዛወር በ21 ፈንታ 61፣ መስመሩ ሲያዝ 67፣ ስልኩ ሲዘጋ 62 ይገባል። የተዛወረው ጥሪ ሒሳብ እንደ ልማዱ የሚያርፈው በደዋዩ ሳይሆን በአዛዋሪው ላይ ነው፤ ይህን ዘንግቶ ካርዱ ያለቀበት ጥቂት አይደለም።

የኢንተርኔቱ የመልእክት አገልግሎት ግን በባሕርዩ ልዩ ነው። ቴሌግራም አንዱን ቁጥር በስልክም በኮምፒውተርም ባንድ ጊዜ ሲከፍት፣ ዋትስአፕ ከዋናው ስልክ ሌላ እስከ 4 መሣሪያ ያያይዛልና፣ አባትና ልጅ የሱቃቸውን መልእክት በየፊናቸው ያነባሉ። ለመግባት የሚላክለትን የማረጋገጫ ኮድ ለባዕድ የነገረ ሁሉ የሱቁን ቁልፍ እንዳስረከበ ይቈጠራል። አታላዮችም በሽልማት ስም *21* አስደውለው ጥሪን ወደ ራሳቸው ስለሚጠልፉ፣ የተጠራጠረ ሰው *#21# ደውሎ ጥሪው ወዴት እንደተዛወረ ይመረምራል።