የወንዶ ገነት ተፈጥሯዊ ፍል ውኃ፦ ለጎብኚዎች የተዘጋጀ መረጃ

ፍል ውኃ በከርሰ ምድር ሙቀት ግሎ ወደ ገጸ ምድር የሚፈልቅ ውኃ ነው። በአገራችን ለመታጠብ፣ ከሕመም ለመፈወስና ለማረፍ ወደ ፍል ውኃ መጓዝ የቆየ ልማድ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱንና መኳንንቱን ከእንጦጦ ተራራ ወደ ሜዳው ከሳቧቸው ምክንያቶች አንዱ ፍል ውኃው እንደነበር ይታወቃል።

ከከተማ ርቆ በተራራ ደን ውስጥ የሚገኝ ፍል ውኃ ግን በከተማ ካለው የፍል ውኃ መታጠቢያ ይለያል። ከምንጩ ዳር ሙቀቱን የሚያመጣጥን ሠራተኛ የለም፤ የጤና ተቋምም በቅርብ ላይገኝ ይችላል። በመሆኑም ጎብኚው ከመነሳቱ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ። ይህ ጽሑፍ የወንዶ ገነትን ፍል ውኃ መነሻ በማድረግ እነዚህን ነጥቦች ያብራራል።

የቦታው አቀማመጥና መዳረሻ

ወንዶ ገነት በሲዳማ ክልል፣ ከኦሮሚያ ክልል ወሰን አቅራቢያ ይገኛል። ከአዲስ አበባ በሞጆ፣ በባቱ (ዝዋይ) እና በሻሸመኔ በኩል ይደረስበታል፤ ከሻሸመኔ ያለው ርቀት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፍል ውኃው የሚፈልቀው ከሐዋሳ ተፋሰስ በስተምሥራቅ በተዘረጋው ተራራ ግርጌ ነው። ከታች በኩል የእንሰት፣ የቡና፣ የሸንኮራ አገዳና የጫት ማሳዎች ሲታዩ፣ ወደ ላይ ደግሞ እንደ ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ብሳናና ቀረሮ ያሉ አገር በቀል ዛፎች የሚገኙበት ደን አለ። ጉሬዛ፣ ጦጣ፣ ዝንጀሮና ልዩ ልዩ አዕዋፍ በዚሁ ደን ይኖራሉ።

ስፍራው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የንጉሠ ነገሥቱ ማረፊያ የነበረበት ሲሆን፣ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የደን ትምህርትና ምርምር ማዕከል በመሆንም ይታወቃል። የደን ኮሌጁ በአሁኑ ጊዜ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል።

ውኃው ለምን ይሞቃል?

የሐዋሳ ተፋሰስ በጥንት የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተነሳ መሬቱ ወደ ውስጥ ተደርምሶ የተፈጠረ ሰፊ ጎድጓዳ ስፍራ ሲሆን፣ የታላቁ ስምጥ ሸለቆ አካል ነው። በተራራው ላይ የሚዘንበው ዝናብ በአፈርና በዓለት ስንጥቆች አልፎ ወደ ጥልቅ ከርሰ ምድር ይሰርጋል። በዚያም በጋለ ዓለት ይሞቅና በመሬት ስንጥቆች በኩል ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ፍል ውኃው ሙቀቱን ከምድር፣ ውኃውን ደግሞ ከዝናብ ያገኛል ማለት ነው። ዝናቡ በጎርፍ መልክ ከመሄድ ይልቅ ወደ መሬት እንዲሰርግ የሚያግዘው በተራራው ላይ ያለው ደን ነው።

የዚህ ትስስር መጓደል የሚያስከትለው ጉዳት በአካባቢው ታይቷል። ከወንዶ ገነት ተራሮች የሚነሱ ጅረቶች ወደ ጨለለቃ ይወርዳሉ፤ ከዚያም በጥቁር ውኃ ወንዝ አማካኝነት ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባሉ። ጨለለቃ ቀደም ሲል ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግ ሆኗል። ደን ሲመነጠር ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ያወርዳል፤ ደለሉም ውኃ የሚያቁረውን ቦታ ይሞላዋል። በመሆኑም ፍል ውኃውን ለመጎብኘት የሚሄድ ሰው ደኑን የውኃው አካል አድርጎ ሊመለከተው ይገባል።

ከጉዞ በፊት

ለጉብኝት አመቺ የሚሆነው ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ነው። በዝናብ ወራት የእግር መንገዱ ስለሚያዳልጥ የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል። የመታጠቢያ ገንዳዎችና የማረፊያ አገልግሎቶች በዕድሳት ወይም በሌላ ምክንያት ሊዘጉ ስለሚችሉ፣ ክፍት መሆናቸውን፣ የመግቢያ ክፍያቸውንና የአገልግሎት ሰዓታቸውን አስቀድመው ያረጋግጡ። ለሚከፍሉት ማንኛውም ክፍያ ደረሰኝ ይጠይቁ።

ወደ ምንጩ ሲወጡ የአካባቢውን መንገድ የሚያውቅ አስጎብኚ ይዘው እንዲሄዱ ይመከራል። ዋጋውን ከመነሳትዎ በፊት ይስማሙ። ለመመለሻ በቂ ጊዜ በመያዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከደኑ ይውጡ። የሚጠጣ ንጹሕ ውኃ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና ባትሪው የተሞላ ስልክ መያዝዎን ያረጋግጡ። የስልክ አገልግሎት በሁሉም ስፍራ ላይኖር ስለሚችል፣ የት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ለቤተሰብ ወይም ላረፉበት ቤት ያሳውቁ።

በምንጩ አጠገብ

በምንጩ ዓይንና በመታጠቢያ ገንዳው መካከል ከፍተኛ የሙቀት ልዩነት አለ። ከምንጩ ዓይን የሚወጣው ውኃ ድንችና በቆሎ እስከ መቀቀል የሚደርስ ሙቀት አለው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ስፍራ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ በመሆኑ፣ ውኃው ሲንተከተክ አለማየት ለደኅንነት ማስረጃ አይሆንም። 60 ዲግሪ የደረሰ ውኃ እንኳ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ቆዳን ያቃጥላል።

ስለዚህ ሙቀቱን በእግር ወይም በእጅ ለመለካት አይሞክሩ። በምንጩ ዙሪያ ያለው መሬት ስስና እርጥብ ሊሆን ስለሚችል ከተለመደው የእግር መንገድ አይውጡ። ልጆችን እጃቸውን ይዘው ያሳልፉ፤ በምንጩ አጠገብ እንዲሯሯጡ አይፍቀዱ። ዕቃ ወይም ጫማ ወደ ፈላው ውኃ ቢወድቅ ለማውጣት አይግቡ።

ለመታጠብ የሚመረጠው ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ ለብ ያለው ውኃ ነው። ከ40 ዲግሪ በላይ በሞቀ ውኃ ውስጥ መቆየት አይመከርም፤ በዚህ ሙቀትም ቢሆን ከ15 ደቂቃ በኋላ ወጥቶ ማረፍና ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል። ጭንቅላትዎን ወደ ውኃው ውስጥ አይንከሩ፤ ውኃ ወደ አፍንጫዎ እንዲገባም አይፍቀዱ። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ የሚኖርና በአፍንጫ ገብቶ አንጎልን የሚጎዳ ጥቃቅን ተሕዋስ አለ፤ ሕመሙ እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት ቢሆንም ለሞት የሚዳርግ ነው።

ጤናን የሚመለከቱ ጥንቃቄዎች

ሙቅ ውኃ ጡንቻን ያፍታታል፤ የመገጣጠሚያ ሕመምንም ለጊዜው ሊያስታግስ ይችላል። ይሁን እንጂ የመድኃኒት ምትክ አይደለም። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል ሕመም፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በፍል ውኃ በሚቆይባቸው ቀናት መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። መድኃኒት ማቋረጥ በሕመም ላይ ሕመም ይጨምራል፤ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕክምና ሲቋረጥ ደግሞ ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን እንዲላመዱ በር ይከፍታል።

ነፍሰ ጡሮች፣ የልብ ሕሙማንና የደም ግፊታቸው ያልተስተካከለ ሰዎች ከመሄዳቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። በስኳር ሕመም ምክንያት እግሩ የደነዘዘ ሰው የውኃውን ሙቀት ላይለይ ስለሚችል፣ አብሮት ያለ ሰው አስቀድሞ ሙቀቱን በቴርሞ ሜትር ይለካለት። የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው ብቻውን አይታጠብ። አልኮል ጠጥቶ መግባት ለማንም አደገኛ ነው።

የፍል ውኃውን ለመጠጥ እየቀዱ ወደ ቤት መውሰድ አይመከርም። በስምጥ ሸለቆ በርካታ ፍል ውኃዎች የፍሎራይድ መጠን ከፍተኛ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ በላይ የሆነ ውኃ ለረጅም ጊዜ ሲጠጣ የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፤ አጥንትንም ይጎዳል። ውኃውን ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም።

ቃጠሎ ቢደርስ

ጉዳተኛውን ወዲያውኑ ከሙቁ ውኃ ያርቁ። የተቃጠለውን ክፍል ንጹሕ በሆነ ቀዝቃዛ ወራጅ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያቀዝቅዙ። ለዚህም ቀዝቃዛ ውኃ በየት በኩል እንደሚገኝ እንደደረሱ አስጎብኚውን ይጠይቁ። ቀለበት፣ አምባርና ከቆዳ ጋር ያልተጣበቀ ልብስ ቶሎ ያውልቁ። ቅቤ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ቡና አይቀቡ፤ ውኃ የቋጠረውንም አያፍርጡ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ይውሰዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስ በ991 ይገኛል።

የጎብኚው ኃላፊነት

በምንጩም ሆነ በጅረቱ ውስጥ በሳሙና አይታጠቡ፤ ልብስም አይጠቡ። ከታች ያለው ነዋሪ ያንኑ ውኃ ለማሳውና ለከብቱ ይጠቀምበታል። ያመጡትን ፕላስቲክና ጠርሙስ ይዘው ይመለሱ። በደኑ ውስጥ እሳት አያንዱ፤ የሲጋራ ቁራጭ አይጣሉ። ለጦጣና ለዝንጀሮ ምግብ አይስጡ፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ እንስሳ ቀስ በቀስ መንጠቅና መናከስ ይጀምራልና።

ፍል ውኃው የአካባቢው ሰው የሚታጠብበት፣ ሕሙማንም ፈውስ ፍለጋ የሚመጡበት ስፍራ ነው። በመታጠብ ላይ ያሉ ሰዎችን ያለ ፈቃዳቸው ፎቶግራፍ አያንሱ። አስጎብኚ ከአካባቢው ወጣቶች ሲቀጥሩ፣ ምግብና ፍራፍሬም ከአካባቢው ሰው ሲገዙ ገንዘቡ በደኑ ዙሪያ ለሚኖረው ቤተሰብ ይደርሳል። ከጉብኝት ገቢ የሚያገኝ ቤተሰብ ዛፍ ከመቁረጥ ይልቅ ዛፉን ለማቆየት የሚያበቃ ምክንያት ይኖረዋል፤ ፍል ውኃውም በዚያው ደን ላይ የተመሠረተ ነው።