ከስድስት ኪሎና ከብላቴ የመጡ ደብዳቤዎች

በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ አንድ ነገር ጻፉ ስንባል ብዙ አመነታን። ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ዕድሜያችንንም የጨረስነው መዝገብ ቤት ውስጥ የሰው ደብዳቤ ስንመዘግብ ነው። ሆኖም በቤታችን በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የተቀመጡ የታናሽ ወንድማችን 23 ደብዳቤዎች አሉ። የእርሱ ነገር የብዙ ቤት ነገር ስለሆነ እነሆ አቀረብነው።

ወንድማችን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገባው በ1982 ዓ.ም. ነው። ከገርጂ እስከ ስድስት ኪሎ ምን ያህል ሩቅ ሆኖ ነው ደብዳቤ የሚጽፈው ትሉ ይሆናል። ምክንያቱ አፈሳ ነው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ ወዲህ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወንድ ልጅ ለጦሩ ይፈለግ ነበር፤ በመጨረሻማ ወጣቱ ከመንገድ ላይ ይለቀም ጀመር። እርሱ የተማሪ መታወቂያ ነበረው። እናታችን ግን፣ «ወረቀት ምን ያስጥላል? እዚያው ግቢህ ተቀመጥ» አለችው። ስለዚህ እዚያ በሚሠሩ አንድ ጎረቤታችን እጅ ደብዳቤ ይልክልን ጀመር።

የሚጽፈው የተማሪ ነገር ነበር፦ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ መቅጠን፣ በኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ወንበር ለመያዝ በጠዋት ስለ መሰለፍ፣ ካልሲው ስለ ማለቁ። የጦርነቱን ወሬ በግልጽ መጻፍ ስለሚያስፈራ «ዝናብ» ይለው ነበር። ምጽዋ በየካቲት 1982 ስትያዝ፣ «በባሕሩ በኩል ኃይለኛ ዝናብ ጥሏል፣ የብዙ ልጆች ቤተሰብ እዚያ ነው» ብሎ ጻፈ። እናታችን የገባት ዝናቡ ብቻ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ትምህርቱ ተቋርጦ ተማሪው ለወታደራዊ ሥልጠና በሲዳሞ ወደነበረው የብላቴ ማሠልጠኛ ተላከ። ከዚያ የመጡት ሦስት ደብዳቤዎች ብቻ ናቸው፤ ሁሉም በእርሳስ የተጻፉ። ብላቴ ቆላ ነው፤ ሙቀት አለ፣ ወባ አለ። በሁለተኛው ደብዳቤ፣ «ወባ ጥሎኝ ሰነበተ፣ ኪኒን ላኩልኝ፣ ለእማዬ ግን አትንገሯት» ይላል። እናታችን ፊደል አልቆጠረችም፤ የምናነብላት እኛ ነን። ያንን መስመር ዘለልነው። ኪኒኑን ገዝተን በሰው እጅ ላክን፤ ይድረሰው አይድረሰው አላወቅንም።

ግንቦት 13 ቀን ፕሬዚዳንት መንግሥቱ አገር ጥለው ሄዱ። ግንቦት 16 እና 17 ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከቦሌ ወደ እስራኤል ሲወሰዱ የአውሮፕላኑ ድምፅ እንቅልፍ ነሳን። እናታችን በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ «ከዚህ ሁሉ አንዱ እንኳ ልጄን አያመጣውም?» ትል ነበር። ግንቦት 20 ኢሕአዴግ ከተማይቱን ያዘ። ብላቴ የነበረው ተማሪም ተበተነ፤ እኩሉ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ብዙው በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ተሻገረ።

የእኛው ልጅ አልመጣም። ሐምሌ ላይ አንድ ከዚያ የተመለሰ ልጅ፣ መንገድ ላይ ታሞ ቀርቷል፣ ሞቷል ሲሉ ሰምቻለሁ አለን። ዘመድ ተሰብስቦ መርዶ ይነገር፣ ድንኳን ይተከል አለ። እናታችን ግን ነገሩን ከፊታችን አንብባ፣ «ወረቀቱ የታለ? ፊደሉን ሳላይ አላለቅስም» አለች። የዚያን ጊዜው የእድራችን ዳኛ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «እትዬ ልክ ናቸው። የተተከለ ድንኳን ይነቀላል፣ የተነገረ መርዶ ግን አይመለስም። እንጠብቅ» ብለው ዘመዱን መለሱት።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ በቀይ መስቀል በኩል አንድ ያልታሸገ ወረቀት ደረሰን። ኬንያ ካለ የስደተኞች ሰፈር ነው። ጽሕፈቱ የእርሱ ነበር፤ «ደህና ነኝ፣ ወባው ለቆኛል» ይላል። ይህን ስናነብ ደነገጥን፤ እናታችን ስለ ወባው አታውቅም ብለን ነበርና። እርሷ ግን ሳቅ ብላ፣ «የዘለላችሁትን የጎረቤት ልጅ አንብባልኛለች። እናንተ እንዳትጨነቁ ብዬ ዝም አልሁ» አለች። ሦስት ወር ሙሉ እኛ ለእርሷ ስንደብቅ እርሷም ለእኛ ስትደብቅ ኖራለች፤ ሁላችንም ለየብቻችን ስናለቅስ።

ወንድማችን ከኬንያ ወደ ሌላ አገር ተሻግሮ እዚያው ቀረ። እናታችን በ1998 ዓ.ም. ስታርፍ በቦሌ ገብቶ አብሮን ቀበራት፤ እድራችንም ወጉን አሟልቶ ሸኛት።

ከጥቅምት 2013 በኋላ በሰሜኑ ጦርነት ስልክ ተቋርጦ፣ ልጆቻቸው በትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች የነበሩ ወላጆች ወሬ ሲጠብቁ ያየን ጊዜ ያ ቆርቆሮ ትዝ አለን። ስለዚህ አባላት ሆይ፣ ሁለት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ የልጆቻችሁን ደብዳቤ አትጣሉ። ሁለተኛ፣ ለሰው ስታነቡ መስመር አትዝለሉ፤ ጭንቀት ለብቻ ሲሸከሙት ይከብዳል፣ እድር የተመሠረተውም ለዚሁ ነው።