ጉምና ከፍታ፦ የአውሮፕላን ማረፊያ የምድር ምልክቶች በጎጃም ደጋ

በክረምት ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ጉም የምሥራቅ ጎጃምን ደጋ ሲያለብስ፣ ከዲማ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለው ሜዳ ዳርቻው ይጠፋል። በደብረ ማርቆስ ግንባታው የተጀመረው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አውሮፕላን ማረፊያም አገልግሎት የሚሰጠው በዚሁ አየር ውስጥ ነው። ስለዚህ በአስፋልቱ ላይ የሚሰመሩት ምልክቶች ከፍታውንና ጉሙን ቆጥረው ከንድፉ ጋር አብረው መታሰብ አለባቸው። ግንባታው ካለቀ በኋላ የሚከናወን የቀለም ቅብ አድርጎ ማየት አደገኛ ነው።

ኢትዮጵያ በ1937 ዓ.ም. በቺካጎው የሲቪል አቪዬሽን ጉባኤ ተሳትፋለች። በጉባኤው የተፈረመው ስምምነት 14ኛ አባሪ የምልክቶቹን ቀለም፣ መጠንና ቦታ ይደነግጋል። በብራና መጻሕፍት ቀዩ ቀለም የቅዱሳንን ስም ከጥቁሩ ጽሑፍ እንደሚለይ ሁሉ፣ እዚህም እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ድርሻ አለው። የመንደርደሪያው ምልክት ነጭ፣ ወደ መንደርደሪያው የሚያደርሰው መንገድ፣ የታክሲዌይ፣ መሪ መስመር ቢጫ ነው። በጥቁር መደብ ላይ በቢጫ የተጻፈ ሰሌዳ አብራሪው ያለበትን ቦታ፣ በቢጫ መደብ ላይ በጥቁር የተጻፈው መሄጃውን ያመለክታል። በቀይ መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲያይ ግን ያለ መቆጣጠሪያ ማማው ፈቃድ አያልፍም። በአውሮፕላን መቆሚያው ላይ ደግሞ የደኅንነት መስመሮች ተሽከርካሪዎችንና ሻንጣ ጫኞችን ከክንፍና ከሞተር ያርቃሉ።

ከሁሉም የሚከብደው ወደ መንደርደሪያው ከመግባት በፊት ያለው የመቆያ መስመር ነው፦ ሁለት ያልተቆረጡ፣ ሁለት የተቆራረጡ ቢጫ መስመሮች። አብራሪው ባልተቆረጡት በኩል ሲመጣ ይቆማል፤ ከመንደርደሪያው ሲወጣ የተቆራረጡትን ቀድሞ ስለሚያገኝ ያልፋል። ረጅም መንደርደሪያ ኖሮት በመሣሪያ የተመራ ትክክለኛ ማረፍ በሚስተናገድበት ማረፊያ፣ ይህ መስመር ከመንደርደሪያው አጋማሽ ቢያንስ 90 ሜትር ይርቃል። ከፍታው ከ700 ሜትር ሲያልፍ ግን ርቀቱ ይጨምራል፤ እስከ 2,000 ሜትር በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር፣ ከዚያ በላይ 13 ሜትር ተይዞ በየ100 ሜትሩ 1.5 ሜትር። በ2,400 ሜትር ላይ ጭማሪው 19 ሜትር ስለሚሆን መስመሩ 109 ሜትር ላይ ያርፋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ለሚገኘው ቦሌም ስሌቱ ወደ 108 ይጠጋል። ምክንያቱም ከፍታ ላይ በሳሳው አየር አውሮፕላን ክብደቱን ለመሸከም ይበልጥ መፍጠን አለበት፤ ማረፉን ትቶ ሲነሣም ከፍታ የሚያገኘው ዝግ ብሎ ነው። ከቆላ ማረፊያ ንድፍ ገልብጦ 90 ሜትር ላይ ማስመር ይህን ሁሉ መዘንጋት ነው።

ጉሙን በተመለከተ በሚላኑ ሊናቴ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰው አደጋ በቂ ማስረጃ ነው። መስከረም 28 ቀን 1994 ዓ.ም. በከባድ ጉም ውስጥ አንዲት ሴስና አውሮፕላን ከታዘዘችበት ታክሲዌይ ወደ ሌላው ገባች፤ መንደርደሪያው ላይም ለመነሣት ከሚፈጥን የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ አውሮፕላን ጋር ተጋጨች። 118 ሰዎች ሞቱ። የማረፊያው ምልክቶችና ሰሌዳዎች ጉድለት ነበረባቸው፤ የምድር ራዳርም አይሠራም ነበር። ራዳር በሌለበት አነስተኛ ማረፊያ የአብራሪው ዋና መመሪያ ያው ቀለም ነው።

ያን ቀለም የደጋው ፀሐይ ያነጣዋል፣ በመቆሚያው የሚንጠባጠብ ነዳጅና ዘይት ይበላዋል፣ ውሃ ሲሸፍነውም በመብራት ፊት ይደበዝዛል። እንግዲህ ምርመራው ከሰኔ በፊት መጠናቀቅ ይኖርበታል፤ በቀንም በሌሊትም፣ አስፋልቱ ሆን ተብሎ ረጥቦ፣ ከአብራሪው የዓይን ቁመት።