ካቡን ማን ጠገነው?

የኢትዮጵያን ታሪክ ስንጽፍ “ማን ሠራው?” ብለን መጀመር ይቀናናል። ላሊበላንና የጎንደርን ግንብ የምናነሳው ከነገሥታቱ ስም ጋር ነው። ለኮንሶ እርከን ግን እንዲህ ያለ ስም የለም፤ የሚሻለው ጥያቄ “ማን ጠገነው?” የሚለው ነው።

በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ዝናብ በሚያጥረው በዚህ ድንጋያማ ተራራ፣ የእርሻው አፈር በካብ ተይዟል። ካቡ ጭቃም ሆነ ሲሚንቶ አልገባበትም፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። አፈሩን ያቆያል፣ ውሃውን ያሰርጋል፣ ትርፉን በቀስታ ያሳልፋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው፣ 21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ የዘለቀ ባህል ብሎታል።

ይህ ቁጥር ግን እርከኑ ያኔ ተሠርቶ ያለቀ ሊያስመስለው ይችላል። ከባድ ዝናብ ድንጋይ ከፈነቀለ፣ ውሃው በዚያው ሽንቁር ይገባል፤ አፈሩን ጠርጎ የታችኛውን ጎረቤት ካብ ይንዳል። ስለዚህ ገበሬው የወደቀውን ድንጋይ ሳይውል ሳያድር ይመልሳል፤ ናዳው ከአንድ ቤት አቅም ሲያልፍ ሰፈሩ በጋራ ይወጣል። የላይኛው ሰው ስንፍና የታችኛው ሰው ረሃብ ነውና።

ዜና መዋዕል እንዲህ ያለውን ሥራ አይጽፍም፤ በወጉ ከተሠራ የሚወራ ነገር አይፈጠርምና። የዓለም ቅርስ መዝገብም ካብ አይጠግንም። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ከተማ ሲገባ፣ የትኛው ድንጋይ እንደላላ የሚለየው ዓይንም አብሮት ይሄዳል።