የጸዐዳ ጥርስ ነገር፤ ከመፋቂያ እስከ ሌዘር

ወር በገባ በ5ኛው ቀን፣ የጻድቁ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ መታሰቢያ በሚከበርበት ዕለት፣ ሊሳለም ወደ አዲስ አበባው ሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን የሚወርድ ምእመን ከጧፍ ሻጮቹ ጎን መፋቂያ በጥቅል በጥቅል አስረው የተቀመጡ እናቶችን ያገኛል፤ ከወይራው ወይም ከልምጩ አንዱን መርጦ፣ ጫፉን ልጦ፣ እንደ ቡሩሽ እስኪፍታታ አኝኮ፣ ጥርሱን እየፋቀ መንገዱን ይቀጥላል። ዛሬ ግን በከተማይቱ የጥርስ ክሊኒኮች ደጅ «ጥርስ በሌዘር እናነጣለን» የሚል ጽሑፍ ይነበባል።

ጸዐዳ ጥርስን መሻት ግን በሌዘር አልተጀመረም። እናቶቻችን ጥርሱን ከማንጣት ይልቅ ድዱን ማጥቆር የሚል ጥበብ ነበራቸው፤ ነቃሿ ጥላሸቱን በመርፌ ጫፍ እየወጋች ወደ ድዱ ሥጋ ስታገባው ልጃገረዲቱ ሥቃዩን ሁሉ ችላ የምትቀመጠው፣ ድዱ በጠቆረ መጠን ጥርሱ ወተት መስሎ ስለሚታይላት ነበር። ዐይን ኅብርን የሚመዝነው በንጽጽር መሆኑን ማንም ሳያስተምራቸው ማወቃቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

የክሊኒኩ ጥበብ ከሁለት ግኝቶች የተገኘ ነው፤ ፈረንሳዊው ቴናር በ1818 እ.ኤ.አ. ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድን አገኘ፣ አሜሪካዊው ሜይማንም በ1960 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ። ሐኪሙ ድዱን ሸፍኖ ፐሮክሳይድ ያለበትን መድኃኒት በጥርሱ ላይ ይቀባና ጨረሩን ያሳርፍበታል። የሚያነጣው ግን መድኃኒቱ ነው፤ ብርሃኑ ምን ያህል እንደሚጨምርለት ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከሩበታል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን ከሳሪስ ተነሥቶ በደብረ ዘይት በኩል ወደ ስምጥ ሸለቆ በሚወርደው መንገድ የሚገኘው የበለዘ ጥርስ ነገር ነው። በ1946 ዓ.ም. የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. በዚያው ሸለቆ በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሲከፍት ከየአገሩ የተሰበሰበው ሠራተኛ የጉድጓድ ውኃ ጠጣ፤ በዚያ የተወለዱትም ልጆች ቋሚ ጥርሳቸው በልዞ ወጣ። ምክንያቱ በውኃው ውስጥ የበዛው ፍሎራይድ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውኃ ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ እንዳይኖር ሲመክር የሸለቆው ጉድጓዶች ግን ብዙ እጥፍ ይይዙ ነበር፤ በዕድሜ የገፉት ሠራተኞችም አጥንታቸው ደርቆ ጀርባቸው ጎበጠ፤ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸውም ይህንኑ ደዌ መርምረው ለዓለም አስታወቁ።

ይህ ብልዘት ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሳለ ስለሚፈጠር፣ መፋቂያም ሆነ ሳሙና አያስለቅቀውም፤ ሌዘሩም ቢሆን ጥልቁን ቡናማ ነቁጥ በሙሉ አያጠፋውም። ጥርሱ የበለዘውን ሰው ንጽሕና እንደጎደለው አድርጎ መመልከት ታላቅ በደል ነው። ጥርሳችሁን ለማንጣት ወደ ክሊኒክ የምትሄዱ ሁሉ አስቀድማችሁ የብልዘቱን ምክንያት አስመርምሩ፤ በስምጥ ሸለቆ ልጅ የምታሳድጉ ደግሞ ልጃችሁ በሚጠጣው የጉድጓድ ውኃ ያለው የፍሎራይድ መጠን እንዲለካ ዛሬውኑ ጠይቁ።